ክፉን በክፉ ስላለመመለስ

ክብሩን የሚያውቅ ሰው ጠላቱን ድል ሲያደርግ የጠላቱን ሥራ አይወርስም። ለዚህም በ1933 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የሆነው ነገር ምስክር ነው።

የፋሽስት መንግሥት ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን የአገሩን ሰው ከሰው በታች አድርጎ ይቈጥር ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፥ በከተማው ሕዝብ ላይ 3 ቀን ሙሉ ግድያና የቤት ቃጠሎ ወረደበት፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጥይት ተፈጁ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዐርበኞች ጋራ ወደ አዲስ አበባ ገቡ፤ ቀኑም የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ. ም. ከተማውን የያዘበት ዕለት ነበር። በዚያን ጊዜ በከተማው ብዙ ሺህ ኢጣልያውያን ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ነበሩ፤ የበቀልንም ቀን እየፈሩ ይጠብቁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ክፉውን በክፉ እንዳይመልሱ፥ በጭካኔም የኢትዮጵያን መልካም ስም እንዳያጐድፉ ሕዝቡን አዘዙ። አባቱና ወንድሙ የተገደለበት ዐርበኛ እጁን ሰበሰበ፤ የተፈራውም እልቂት ሳይደርስ ቀረ። ከኢጣልያውያንም አንዳንዶቹ በመካኒክነት፥ በግንበኝነትና በአናጢነት እየሠሩ በአገሩ ኖሩ።

ይህም ምሕረት መርሳት አልነበረም፤ በስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት የሰማዕታቱን ደም ያስታውሳል። የማረ ሕዝብ የደረሰበትን በደል አልካደም፤ በዳዩን ግን መምህሩ አላደረገውም።