ከካርቡሬተር እስከ ክንፍ፦ በአውሮፕላን ነዳጅ ውስጥ የሚረጋው በረዶ

በሰሜን እስራኤል ካለችው አፉላ ኢሊት ቁልቁል የሚታየው ሸለቆ አውሮፕላን ማየት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል (ዘመኖቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች አፉላ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራቸው፤ በመስከረም 1918 የእንግሊዝ ጦር ፈረሰኞች ያዙት። ዛሬ በስተ ምዕራብ ካለው የራማት ዳቪድ የጦር አየር ማረፊያ ጄቶች ይነሣሉ። በሁለቱ ዘመናት መካከል በረዶ ቦታውን ቀይሯል። ያኔ የሚፈራው ካርቡሬተር ውስጥ ነበር፤ ቤንዚኑ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ ጉሮሮው ላይ ይረጋል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ጄት መጥቶ ካርቡሬተር ሲቀር ችግሩ ወደ ነዳጁ ገባ።

የጄት ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። ውሃ ጥቂት ጥቂት ይሟሟበታል፤ ሲሞቅ በዛ አድርጎ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይተፋዋል። 11 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የውጭው አየር ከዜሮ በታች 50 ዲግሪን ያልፋል፤ በክንፍ ውስጥ ያለው ነዳጅም ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ጄት ኤ-ዋን ራሱ እስከ −47 ድረስ እንዳይረጋ ሆኖ ነው የሚመረተው፤ የተፋው ውሃ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ በረዶ ይሆናል። ውሃ መኖር አለመኖሩን ለማየት ቴክኒሻኑ ክንፉ ሥር ገብቶ ከታንከሩ ወለል ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ዕቃ ይቀዳል። ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል፣ ከነዳጁ የሚለይበት መስመርም በዓይን ይታያል። የሟሟው ውሃ ግን በዚህ መንገድ አይወጣም።

ትምህርቱ በሰው ሕይወት ተከፈለ። በ1958 አንድ የአሜሪካ ቢ-52 ቦምብ ጣይ የነዳጅ ማጣሪያው በበረዶ ተዘግቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርምር ፀረ በረዶ ኬሚካል ተገኘ፤ የአሜሪካ አየር ኃይልም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከነዳጁ ጋር መቀላቀል ጀመረ። ኬሚካሉ ከነዳጅ ይልቅ ውሃን ይመርጣል፤ ውሃው ተለይቶ ሲወጣ አብሮት ወጥቶ እንዳይረጋ ያደርገዋል። የሚበቃው ከ0.10 እስከ 0.15 በመቶ ብቻ ነው፣ ለሺህ ሊትር ከአንድ ሊትር እስከ አንድ ተኩል። ታንከር ውስጥ የሚራባውን ሻጋታም ይገታል። የመጀመሪያው ዓይነት ለጤና አደገኛ ስለነበር በ1990ዎቹ ዳይኤቲሊን ግላይኮል ሞኖሜቲል ኤተር በተባለው ተተካ።

ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሌላ መንገድ መረጡ፤ ነዳጁን ከሞተሩ በሚገኝ ሙቀት ማሞቅ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720ቢ ተረክቦ የጄት ዘመን ሲጀምር የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በሰኔ 1984 አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በረረ። ያን ያህል ጊዜ ብርድ ውስጥ የቆየ ነዳጅ ሞተሩ ዘንድ በረዶ ሳይዝ መድረሱ ከክብረ ወሰኑ እኩል ሊደነቅ ይገባዋል። በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰለሞን፣ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል ከቦሌ ወደ እስራኤል ሲጓዙ ከተሳፋሪዎቹ ማንም ስለ ነዳጅ ቅዝቃዜ ማሰብ አላስፈለገውም። ያን ሐሳብ ሌሎች ቀደም ብለው ጨርሰውላቸዋል።

ሙቀቱ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ጥር 17 ቀን 2008 ከቤጂንግ የመጣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 ለንደን ሂትሮው ሊያርፍ ሲል ሁለቱም ሞተሮቹ አቅም አጡ፤ 152 ሰዎችን እንደያዘ ከመንደርደሪያው በፊት ሣር ላይ ወደቀ። የሞተ የለም። ነዳጁ የተፈቀደውን ደረጃ ያሟላ ነበር። በረዶው በረጅሙ በረራ በቧንቧዎቹ ውስጥ ተለጥፎ ቆይቶ፣ ሞተሮቹ ተጨማሪ ኃይል ሲጠየቁ በአንዴ ተላቀቀና የማሞቂያውን ፊት ደፈነው። የማሞቂያው ቀጫጭን ቱቦዎች ጫፍ ከማሞቂያው የፊት ሰሌዳ ወጣ ብሎ ስለነበር በረዶውን ይዞ አስቀረ፤ በኋላ ጫፉ ከሰሌዳው ጋር እኩል እንዲሆን ተደረገ። መርማሪዎቹ ፀረ በረዶ ኬሚካል በመንገደኛ አውሮፕላኖችም በስፋት መጠቀም ይቻል እንደሆነ እንዲጠና ሐሳብ አቀረቡ።

እኔ ያ ጥናት በቁም ነገር ሊያዝ ይገባል ባይ ነኝ፣ በተለይ በዋልታ ብርድ ላይ ለሚያልፉ መስመሮች። መከራከሪያው ይገባኛል፤ በየአውሮፕላን ማረፊያው ኬሚካሉን በልክ የሚረጭ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል፣ በአንድ ቦታ ከተከማቸ ደግሞ የታንከሩን ውስጥ ይጎዳል። ማሞቂያ የሌላቸው አንዳንድ ትንንሽ ጄቶች ግን ይህን ሁሉ ችለው በየበረራቸው ይቀላቅሉታል።