የአቃቂ ወንዞች ብክለት፦ መንስኤው፣ የጤና ጉዳቱና መቆጣጠሪያው

ውኃ ተበከለ የሚባለው በሰው ሥራ ምክንያት ይዘቱ ተለውጦ ለመጠጥ፣ ለመስኖ ወይም በውስጡ ለሚኖሩ ፍጥረታት የማይስማማ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ ችግሩ ጎልቶ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ አዲስ አበባ ነው። ከከተማዋ ሰሜናዊ ከፍታዎች የሚነሱት ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወደ ደቡብ ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ያመራሉ።

ከብክለቱ ምንጮች በቅድሚያ የሚጠቀሱት ፋብሪካዎች ናቸው። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉር ለማስለቀቅ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ፣ ቆዳውን ለማልፋት ደግሞ የክሮምየም ጨው ይጠቀማል፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ከተለቀቀ እነዚህ ሁሉ ወንዝ ይገባሉ። ይሁንና ጥፋቱን በፋብሪካ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይደለም። ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ መጸዳጃ ቤት፣ በወንዝ ዳር የሚጣል ደረቅ ቆሻሻና ከጋራዥ የሚፈስ የተቃጠለ ዘይትም ድርሻቸው ከፍተኛ ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ተስፋፍቶ ሥራ የጀመረው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ቢሠራም፣ ሊያጣራ የሚችለው በመስመር የሚደርሰውን ብቻ ነው።

ከዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ የሚገቡ ተህዋስያን ኮሌራን፣ ታይፎይድን፣ አሜባንና ጃርዲያን ያስከትላሉ። ተህዋስያኑን ማፍላት ይገድላቸዋል። እርሳስንና ክሮምየምን ግን ማፍላት አያስወግዳቸውም። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ሄክሳቫለንት የተሰኘው የክሮምየም ዓይነት ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው። ጉዳቱ በታችኛው ተፋሰስ የሚኖረውን ገበሬና ከብቶቹን ብቻ የሚመለከት መስሎ የሚታያቸው አሉ። ነገር ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በእነዚሁ ወንዞች ዳርቻ በመስኖ የለማው ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን የተሸጠው ለከተማዋ ነዋሪ ነው። በተለይ ሰላጣ ሳይበስል ስለሚበላ የጥገኛ ትላትል እንቁላል በቀላሉ ያስተላልፋል። ከተማዋ ወደ ወንዝ የለቀቀችው ቆሻሻ ወደ ማዕዷ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

ቁጥጥሩን በሚመለከት የሕግ ክፍተት አለ ለማለት ያስቸግራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማናቸውም ድርጅት ገብተው እንዲመረምሩ ሥልጣን ሰጥቷል። ማንኛውም ሰው በግሉ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ክስ እንዲመሠርት መፍቀዱ በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል በ2001 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 159ም ነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እንዲያሟሉ የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

የጎደለው አፈጻጸም ነው። የክሮምየም ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ ተለይቶ ከተያዘ ክሮምየሙን አውጥቶ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ግን ሥራው አዳጋች፣ ወጪውም ከባድ ይሆናል። የተቆጣጣሪው ናሙና አወሳሰድም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በሌሊት ወይም ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት የተለቀቀ ፍሳሽ በማግስቱ ረፋድ ላይ በተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውኃ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ናሙናው ከፍሳሹ መውጫ ላይ፣ በተለያዩ ሰዓቶችና ፋብሪካው ሳያውቅ መወሰድ ይኖርበታል።