ከፌርማታ እስከ ፌርማታ

ስዊስን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ የአገሩ ሕዝብ በየሰንበቱ ወደ ተራራ የሚወጣው ተራራው ስለሚያምር ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ውበት ብቻውን ሰውን ከቤቱ አውጥቶ ዳገት እንደማያስወጣ፣ ከስሜንና ከባሌ ተራሮች አገር የመጣን ሰዎች ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን፤ ራስ ዳሸን በግርማ ከየትኛውም የአውሮፓ ተራራ ሳያንስ፣ በአካባቢው ከተወለደው በቀር ወጥቶ ያየው ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? በግራውቡንደን ካንቶን፣ በኩር ከተማ፣ በስደት መኖር ከጀመርሁ ወዲህ የተራራውን ነገር ለሊቃውንቱ ትቼ ስመረምር የኖርሁት ሌላውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም መኪና የሌለው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣች ባልቴትና ትናንት የመጣ ስደተኛ፣ ሦስቱም በአንድ ቅዳሜ ጧት በአንድ ሸለቆ ራስ ላይ ሊገናኙ የቻሉበት ሥርዓት ከወዴት መጣ የሚል ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

የነገሩ ጥንት ፖስታ ነው። በ1849 የስዊስ ፌዴራል መንግሥት በየካንቶኑ ተበታትኖ የነበረውን የፖስታ ሥራ በአንድ እጅ ሰብስቦ ከያዘ በኋላ፣ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ባለ ፈረስ ሠረገላ መንገደኛም ይጭን ስለ ነበር፣ ወረቀት የሚደርስበት ሁሉ ሰውም የሚደርስበት ሆነ፤ ባቡር ሊወጣው ያልቻለውን ሸለቆም ሠረገላው ወጣው። ዘመነ ሞተር በመጣ ጊዜ፣ በ1906 ጁን 1 ቀን፣ ከበርን ወደ ዴትሊገን መንደር የመጀመሪያው የፖስታ አውቶቡስ መሥመር ተከፈተ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለሠራዊቱ የማያስፈልጉ የጭነት መኪናዎች ለመንገደኛ እንዲሆኑ ተለውጠው ከፍ ወዳሉት የተራራ መተላለፊያዎች መውጣት ጀመሩ። ፈረሱ ግን ወዲያው እጁን አልሰጠም፤ የአገሩ የመጨረሻው የፖስታ ሠረገላ በዚሁ በእኛ ካንቶን፣ በአቨርስ ሸለቆ፣ እስከ 1961 ድረስ ሲመላለስ ቆይቷል። ዛሬም ዓመቱን ሙሉ ቢያንስ 100 ሰው የሚኖርበት ሥፍራ መንግሥት በሚደጉመው መጓጓዣ ሊገለገል እንደሚገባው በአገሩ ደንብ ተጽፏል፤ ስለዚህ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ሽቅብ የሚወጣው ለአገር ጎብኚ ደስታ ተብሎ ሳይሆን በዚያ ለሚኖረው ከብት አርቢና ለልጁ ተብሎ ነው፤ እኛ ተጓዦቹ በእነርሱ ወንበር ላይ የተቀመጥን እንግዶች ነን።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ታሪክ ጥቂት ብነካ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የዓለም ፖስታ ኅብረት በ1874 የተመሠረተው በዚችው በበርን ከተማ ሲሆን፣ አገራችን በ1908 አባል ሆናለች፤ የፖስታ ሥራ በኢትዮጵያ እንዲቋቋም ከደከሙት ሰዎች አንዱም፣ ዳግማዊ ምኒልክን በመሐንዲስነትና በአማካሪነት ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለው የፍራውንፌልድ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። የሁለቱ አገር ፖስታ እንዲህ ተገናኝቶ ሳለ፣ ያንደኛው አገር ፖስታ ሕዝቡን ተራራ አወጣው፤ የሌላኛው ግን ከሣጥኑ አልወጣም።

የአውቶቡሱም መለከት ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ነጂው ከፊቱ የሚመጣውን በማያይበት ጠባብ መታጠፊያ ሲደርስ የሚያሰማው ሦስት ድምፅ ያለው ዜማ፣ ሮሲኒ ስለ ስዊሱ ጀግና ስለ ዊልሄልም ቴል ከደረሰው ኦፔራ መክፈቻ የተወሰደ ነው። የተራራ ፖስታ መንገድ ተብሎ ምልክት በተደረገበት ሥፍራ ሁሉ ሌላው አሽከርካሪ የፖስታውን ነጂ ትእዛዝ ሊፈጽም ግዴታ ስላለበት፣ እጅግ ውድ በሆነ መኪና የመጣ ባለጸጋ ሳይቀር ያንን ዜማ ሰምቶ ወደ ኋላው ሲያፈገፍግ በመስኮት እያየሁ ደስ ያላለኝ ጊዜ የለም፤ ይህ በጎ ጠባይ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከአውቶቡሱ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ያው ቢጫ ቀለም የተቀባው የመንገድ ሰሌዳ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል መኪና እየበዛ ሲሄድ፣ ቀድሞ እግረኛው በጌትነት ይሄድበት የነበረው አውራ ጎዳና የአቧራና የጩኸት መንገድ ሆነበት፤ በዚህም ነገር ልቡ የተነካ ዮሐን ያኮብ ኤስ የሚባል፣ ማይለን የምትባል ሥፍራ መምህር፣ ኦቶ ቢንደር ከሚባል ሰው ጋር ሆኖ በ1934 መጨረሻ በዙሪክ የእግረኛ መንገድ ማኅበር አቋቋመ። እነርሱ ያቆሙት ሥርዓት ቀላል ነው፤ በቢጫ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ፊደል የቦታው ስም ይጻፋል፣ ከስሙም አጠገብ የሚቈጠረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ዳገት ባለበት አገር የመንገድ ርዝመት ለእግረኛ ምንም አይነግረውም። ዛሬ ይህ ምልክት የተደረገበት መንገድ 65,000 ኪሎ ሜትር ያህላል። ቢጫው ለማንም ሰው የሚሆን ነው፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባው የተራራ መንገድ ጽኑ እግርና ጥሩ ጫማ ይፈልጋል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጩ በበረዶና በገደል የሚያልፍ ስለ ሆነ ለሚያውቁት ብቻ መተው ይሻላል።

ማኅበር ግን ይደክማል፣ መሥራቾቹም ያልፋሉ፤ ለነገሩ ሥር የሰጠው ሕጉ ነው። በ1907 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንም ሰው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ወደ ጫካና ወደ ግጦሽ ምድር ሊገባ እንደሚችል አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። በ1979 ፌብሩዋሪ ወር ደግሞ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የእግረኛን መንገድ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባው፤ አንድ ሕዝብ በመሠረታዊ ሕጉ ውስጥ ስለ ቀጭን መንገድ መጻፉ ለብዙ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል፣ ለእኔ ግን ያገሩን ጠባይ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ የገለጸልኝ ይህ ነው። ከዚያም በ1985 የወጣው ዝርዝር ሕግ የእግር ጉዞ መንገዶች ሊያደርሱባቸው የሚገቡትን ሥፍራዎች ሲቈጥር፣ መልካም ገጽታ ያለውን ምድርና ታሪካዊውን ቅርስ ከጠቀሰ በኋላ የሕዝብ መጓጓዣ ፌርማታዎችን ይጨምራል። እነሆ የምሥጢሩ ቍልፍ፤ መንገዱ ከፌርማታ ጋር እንዲገናኝ ያዘዘው ሕግ ነው።

መኪና ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ከትከት ብሎ ይስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ላየው ሰው የታሰረው እርሱ ነው። መኪናውን ከሸለቆው ሥር ያቆመ ተጓዥ፣ የፈለገውን ያህል ቢወጣ፣ ሳይመሽ ወደዚያው ወደ ተነሣበት መመለስ አለበትና ሁልጊዜ ያየውን ነው ደግሞ የሚያየው፤ በአውቶቡስ የመጣው ግን ወደ ኋላው የሚጠራው ንብረት ስለሌለው ተራራውን ተሻግሮ በሌላ ሸለቆ ይወርዳል፣ በሌላ ፌርማታ ላይ ቆሞም ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃል። መሻገር የሚባለው ነገር፣ ቀድሞ ነጋድያንና መነኰሳት ብቻ የሚያውቁት የጉዞ ዓይነት፣ በዘመናችን ለድኻው የቀረበለት በዚህ አኳኋን ነው።

ለምሳሌ ያህል ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ልንገር። ከኩር በባቡር እስከ ቱዚስ፣ ከዚያም በፖስታ አውቶቡስ በአንዴር በኩል የአቨርስን ሸለቆ እስከ ዳር ከተከተሉት፣ መንገዱ የሚያልቀው ዩፍ በምትባል መንደር ነው። ዩፍ በ2,126 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በአውሮፓ ውስጥ ክረምት ከበጋ ሰው ከሚኖርባቸው መንደሮች ሁሉ ከፍ ያለች መሆኗ ይነገርላታል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ይህን ሰምቶ ሊደነቅ አይችልም፣ ተወልዶ ያደገው ከእርሷ በላይ ነውና። በ13ኛው መቶ ዓመት ወደዚህ ሸለቆ የወጡት ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ቫልዘሮች፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቦታ የሚነድ እንጨት ስላጡ የበጎቻቸውን ፍግ በጡብ አምሳል እየቈረጡ በፀሐይ አድርቀው ሲያነዱት ኖረዋል፤ ይህን ከአንድ የመንደሩ ሽማግሌ ስሰማ፣ እኔ ስለ ኩበት የማውቀውን ሁሉ ነግሬው ሁለታችንም ስለ ጢስ ብዙ ተጫወትን። ከዩፍ የሚነሣው መንገድ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ምልክት ያለው ሲሆን፣ ከ2,500 ሜትር በላይ በሚገኘው በሽታለርበርግ በኩል ተሻግሮ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በሚፈጅ ጉዞ ቢቪዮ ላይ ይወርዳል። ቢቪዮ ከአልፕስ ዋናው ሰንሰለት በስተሰሜን ያለች ብትሆንም ከጥንት ጀምሮ ጣልያንኛ ሲነገርባት የኖረች፣ ሮማውያን ይሄዱበት የነበረው የሴፕቲመር መንገድ ከዩልየር መንገድ የሚለይባት መንደር ናት፤ ስለዚህ ጧት በአንድ ልሳን ተሰናብቶ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ በሌላ ልሳን ሰላምታ ሊቀበል ይችላል፤ ወደ ኩር የሚመልሰውም አውቶቡስ እዚያው ይቆማል።

በእኛ በሐበሾች ዘንድ ግን ነገሩ በቀላሉ አልተተከለም። የስዊስ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ለየካንቶኑ ስለሚያከፋፍል፣ ከእኛ ብዙዎቹ ኑሮአቸውን የጀመሩት በሩቅ መንደር ነው፤ ቢጫውንም አውቶቡስ ያወቁት ወደ ቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጽሕፈት ቤትና በእሑድ ለቅዳሴ ወደ ትልልቁ ከተማ የሚወስድ የግድ መንገድ አድርገው እንጂ የደስታ መንገድ አድርገው አልነበረም። አገሩ ሳለ ውሃ ለመቅዳትና ትምህርት ቤት ለመድረስ የሄደበት እግር ይበቃዋልና፣ ጕዳይ ሳይኖረው ዳገት የሚወጣ ሰው ለብዙዎቻችን አእምሮው የተነካ ይመስለን ነበር። ጥቂት ወጣቶች በዐውደ ዓመት ማግስት እንውጣ ብለው በተነሡ ጊዜ፣ በማኅበራችን የምናከብራቸው አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ እዚያ የሚነግሠው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ በልጅነታቸው ከወሎ ገጠር ተነሥተው ግሸን ማርያምን በእግራቸው የተሳለሙ ስለ ነበሩ፣ ታቦት በሌለበት ተራራ መውጣት ትርጕም አልሰጣቸውም። የሚነግሥ እንደሌለ ተነግሯቸው ሲስቁ ሲስቁ አብረውን ወጡ፤ በወጡም ጊዜ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ወጣቶቹን ሁሉ ቀደሙ። ከዚያ በኋላ «እማማ ከወጡ እኛ እንዴት እንቀራለን» የማይል ቤተ ሰብ አልነበረም።

በረዶው ጠፍቶ ተራራው የሚከፈትበት ወራት ከጾመ ፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም፣ ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ፍትፍት ነው፤ ቡናውም በፔርሙስ ይያዛል። ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ ይህን ጉዞ የስደት ንግሥ ሊያደርጉት ይወዳሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ንግሥ ስእለትና ታቦት ያለው ነገር ነው፣ ይህ ግን እግርን የሚያፍታታ፣ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር በአማርኛ ብዙ ሰዓት የሚነጋገሩበት ጤናማ ልማድ ነው፣ በስሙም ቢጠራ አያንስም።

እንግዲህ ለመውጣት የሚያስብ ወገን፣ ሙሉው የመንገድ ዋጋ እጅግ ውድ ነውና አስቀድሞ ዋጋውን በግማሽ የሚያስቀንሰውን ዓመታዊ ካርድ ያውጣ፤ ከጥጃቸው ጋር በግጦሽ ላይ ያሉ ላሞች ይዋጋሉና ልጆች እንዳይጠጉአቸው ይጠንቀቅ፤ ከተራራው ጫፍ ሲደርስም ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ሰዓቱን ይመልከት፤ የምሽቱ የመጨረሻ አውቶቡስ ማንንም አይጠብቅምና። ደግሞም ሐበሻ ሲወጣ ጎረቤቱን ጠርቶ ስለሆነ፣ ከአሥር ሰው በላይ ሆናችሁ የምትመጡ ሁሉ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ በፖስታ አውቶቡሱ ዘንድ አስመዝግቡ።