ቀጠሮ ያለው ብርሃን

አያቴ ሞጣ ላይ ለዓመታት ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ኖረ። በታከመች ማግስት ፋሻው ሲፈታ አየችኝና «ከስተሃል» አለችኝ። ቢቸና ያለው የጎረቤታችን ልጅ ግን ከነሞራው ነው የተወለደው፤ «እስኪ ጠና ይበል» ተብሎ በ12 ዓመቱ ተገፈፈለት። ቀለም ለየ፤ እናቱን ግን ዛሬም የሚያውቃት በድምጿ ነው።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝና «ካሜራው ከተጠገነ ምን ቀረው?» ብዬ ነበር።

መልሱ የተገኘው ከድመት ነው። ሃርቫርድ የነበሩት ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ቪዝል የግልገል ድመት አንድ ዓይን ሰፍተው ለወራት ዘጉ፤ ውጤቱን በ1963 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሲከፍቱት ዓይኑ ደህና ነው። አንጎሏ ውስጥ ግን ለዚያ ዓይን ምላሽ የሚሰጥ ሴል እምብዛም የለም፤ ቦታውን ክፍቱ ዓይን ወርሶታል። ትልቅ ድመት ላይ ሲሞክሩት ምንም አልተለወጠም። በ1981 ኖቤል ተሸለሙ።

ጽንስ እያለን የሬቲናን ክሮች ወደ አንጎል የሚመሯቸው ኬሚካላዊ ምልክቶች ናቸው። ዓይን ሳይገለጥም (ይሄ ነው የሚደንቀኝ) ሬቲናው በራሱ የኤሌክትሪክ ሞገድ እየላከ መስመሩን ያጠራል። የቀረውን ብርሃን ይጨርሰዋል፣ በልጅነት ከደረሰ። የአያቴ መስመር ሞራው ሳይመጣ ተዘርግቶ አልቋል።

የጎረቤታችን ልጅ ብቻውን አይደለም። ሐዋሳ ላይ ዘግይተው የታከሙ እንደሱ ያሉ ልጆችን የእስራኤል ተመራማሪዎች አጥንተው በ2015 አሳትመዋል፦ ቀለምና መጠን ይለያሉ፤ በጥላ ብቻ የተሠራ ቅርጽ ግን ያደናግራቸዋል።

እናቱ አሁን አራስ ልትጠይቅ ስትገባ የሕፃኑ ብሌን ነጭ አለመሆኑን ሳታይ አትወጣም።