ከአቃቂ ምሰሶ እስከ መኪና አንቴና

አቃቂ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ፋብሪካውና ባቡር ጣቢያው ነው። የሬዲዮ ጣቢያው ግን ከሁለቱ ባላነሰ ሊታወስ ይገባው ነበር። ሥራው የተሰጠው አንሳልዶ ለተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ ሲሆን በ1927 ዓ.ም. ተመርቆ አገሪቱን በአጭር ሞገድ ከውጭው ዓለም ጋር አገናኘ። ወረራው ሲመጣ ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ያሰማችው ኢጣሊያኖች በተከሉት ምሰሶ ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ቀልዱ ወዲያው መረረ። ከጦር ግንባር በሬዲዮ የሚተላለፈውን መልእክት ኢጣሊያኖች እየጠለፉ ያነቡት ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩት መልእክት ሳይቀር ማርሻል ባዶሊዮ እጅ ገብቷል። አገር መልእክቱ እንዲደርስላት ስትጣጣር ጠላት ቀድሞ ሰማው።

መነጋገሪያ ሬዲዮ መኪና ላይ ሲወጣ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ የሚሰማ ይጠፋል። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት፣ ከገባም በኋላ ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር፣ ረጅም ዘንግ የተከለችውን ነጭ የእርዳታ መኪና ያላየ የለም። ያ ዘንግ ብቻውን አንቴና አይደለም። ቋሚ ጣቢያ ምሰሶውን ተክሎ ሽቦውን መሬት ውስጥ ይቀብራል። መኪና ግን በጎማ ላይ የቆመ ብረት ስለሆነ የገዛ አካሉ የመሬቱን ቦታ ይተካል። ይህን የዘነጋ ገጣሚ አንቴናውን በቀለም ላይ አስሮ ይሸኛል፤ ቡሎኑ ጠብቋል፣ ሥራው ግን አልተሠራም። የአንቴናው እግር የሚያርፍበት ቀለም ተፍቆ ባዶው ብረት መነካት አለበት። ኮፈኖውና የጭስ ማውጫው ቱቦም በጠፍጣፋ የሽቦ ጥልፍ ከሻንሲው ጋር ይያያዛሉ። የኃይል ሽቦው ወፍራም ሆኖ በቀጥታ ከባትሪው ይነሳል፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሆናል። ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ መሳብ የሰነፍ ሥራ ነው።

ብልሽት ሲፈለግ መጀመሪያ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ጫጫታው አብሮ ከጠፋ ምንጩ መኪናው ነው። ነዳጅ ሲሰጠው እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ካለ ዲናሞው ይጠረጠራል። ሞተሩ ጠፍቶም የሚጮህ ከሆነ ውጭውን ማየት ነው። ቃሊቲ ከፋብሪካና ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ቆሞ ሬዲዮን መርገም ትርፉ ድካም ነውና መኪናውን ወደ ገላጣ ሜዳ ነድቶ እንደገና መስማት ይሻላል። ይሰማል ግን አይናገርም የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሽቦ ጉዳይ ነው፤ የመናገሪያው ቁልፍ ሲጫን ቮልቱ የሚወርድ ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ማያያዣው ዝጓል። ክረምት ካለፈ በኋላ የአንቴናው ገመድ ውስጥ ውኃ መግባቱም የተለመደ ነው።

አንዳንዱ ብልሽት ጭራሽ ብልሽት አይደለም። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ሰዓቱ ይወስነዋል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ቀን በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጥርት ብሎ ሲሰማ ውሎ ማታ ሊጠፋ ይችላል፤ ወደ 3 ወይም 4 መውረድ ያስፈልጋል። ይህን ያልተነገረው ሾፌር ሌሊቱን ከነጫነው እህል ዱር ውስጥ ብቻውን ያድራል፤ ጠዋት ጋራዥ ሲደርስ ሬዲዮው ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ እሱም ውሸታም ይባላል።

ሁሉም ነገር በሠራበት ቀን ደግሞ የማይጨው ነገር ይመለሳል። ድግግሞሹን ያገኘ ሁሉ ያዳምጣልና ጠንቃቃ ሾፌር ምን እንደጫነና የት እንደሚያድር በሬዲዮ አይናገርም።