ቤሲ ስሚዝ የሞተችበት ቤት

በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ግዛት፣ በጥጥ እርሻ የተከበበች ክላርክስዴል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የብሉዝ ወዳጆች እንደ ተሳላሚ ይጎርፉባታል። በአቅራቢያዋ ባለው የስቶቫል እርሻ ትራክተር ይነዳ የነበረው መዲ ዋተርስ በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጊታሩን ይዞ ወደ ቺካጎ የተሰደደው ከዚህ ነው። እኔ ግን ማንሣት የፈለግሁት የአንድ ቤት ነገር ነው።

በሰንፍላወር ወንዝ ዳር ያለው ይህ ቤት ቀድሞ የጥቁሮች ሆስፒታል ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1937 ገና ጎህ ሳይቀድ፣ “የብሉዝ እቴጌ” የምትባለው ቤሲ ስሚዝ የተሳፈረችበት አውቶሞቢል በ61ኛው አውራ ጎዳና ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ቀኝ ክንዷ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው። ወደዚህ ሆስፒታል አመጧት፤ በዚያው ማለዳ አረፈች። ዕድሜዋ 43 ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጆን ሃሞንድ “ዳውን ቢት” በተባለው የሙዚቃ መጽሔት የሰማውን ወሬ ጻፈ፦ የነጮች ሆስፒታል አልቀበልም ብሎ ስለመለሳት ደሟ ፈስሶ ሞተች የሚል። ኤድዋርድ ኦልቢ ደግሞ ከዚሁ ተነሥቶ ቴአትር ደረሰ። ወሬው ከዘፈኖቿ እኩል ዓለምን ዞረ።

የሆነው ግን እንዲያ አይደለም። በአጋጣሚ በመንገዱ ሲያልፉ የደረሱላት ነጭ ሐኪም ዶክተር ሂው ስሚዝ፣ የሕይወት ታሪኳን ለጻፈው ለክሪስ አልበርትሰን እንደነገሩት፣ ሁለቱ ሆስፒታሎች አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም፤ ቢሆንም በዚያ አገር ጥቁር በሽተኛ ጭኖ ወደ ነጮቹ በር የሚሄድ የአምቡላንስ ሾፌር አልነበረም። ስለዚህ የመለሳት የለም።

“እንግዲያ በደሉ የታለ?” የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በር ላይ የከለከላት ሰው ቢኖር ኖሮ ስም ይወጣለት፣ ይወቀስ፣ ምናልባትም ይከሰስ ነበር። እዚህ ግን ከልካይ አላስፈለገም፤ ሾፌሩም በሽተኛውም የየበራቸውን ያውቁታል። ከተረቱ ይልቅ እውነቱ ያንገበግበኛል።

ቤቱን በ1944 ወይዘሮ ራትሊፍ ሪቨርሳይድ ብለው ሆቴል አደረጉት። በነጮች ሆቴል ማደር የማይፈቀድላቸው ሙዚቀኞች ማረፊያ አገኙ። አይክ ተርነርም እዚያው ኖሯል፤ ባንዱ በ1951 ሜምፊስ ላይ ያስቀረጸውንና ብዙዎች የሮክ ኤንድ ሮል በኩር የሚሉትን “ሮኬት 88” የተለማመደው በዚህ ቤት ነው። ቤሲ ያረፈችበት ክፍል ለመታሰቢያዋ ተጠብቆ ሲጎበኝ ቆየ። በ2020 ሆቴሉን ማዕበል ጎዳው፤ ተዘጋም።