ሦስት መቶ ምስክሮች

ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የታኅሣሥ ምሽት፣ ከአያቴ ጋር ደጃፍ ቆመን ሳለ አንድ ታላቅ የእሳት ኳስ ሰማዩን ሰንጥቆ ሲያልፍ አየሁ። ግቢው እንደ ቀን በራ፤ የአጥሩ ጥላ ዞረ፤ ወዲያው ጨለማው ተመለሰ። አያቴ አማተቡና «የአንድ ትልቅ ሰው ኮከብ ወደቀ፣ ልጄ» አሉኝ። በማግሥቱ ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ያለ አያቴ ምስክር አልነበረኝም።

ከዓመታት በኋላ ታሪክ ሳነብ፣ ሦስት መቶ ምስክር ይዞም የሚያምነው ያጣ ሕዝብ እንደነበረ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1790 ምሽት፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ባርቦታን በተባለ ስፍራ፣ የእሳት ኳስ ታይቶ ፈነዳ፤ ድንጋይም ዘነበ። የአካባቢው ሹማምንት ሦስት መቶ ያህል ሰዎች የመሰከሩበትን ቃለ ጉባኤ ላኩ። ቤርቶሎን የተባለው ምሁር ግን ተረትን በፊርማ ለማጽደቅ የሚሞክር ሕዝብ ያሳዝናል ሲል ተሳለቀ። ከዚያ ቀደም፣ በ1772፣ ታላቁ ላቯዚዬና ባልደረቦቹ ሉሴ በተባለ መንደር ከሰማይ ወረደ የተባለውን ድንጋይ መርምረው፣ መብረቅ የመታው የምድር ድንጋይ ነው ብለው ነበር። ገበሬው አየሁ ቢል፣ ሊቁ አላየህም አለው።

ነገሩን የለወጠው ሕግ የተማረው ጀርመናዊ ኤርንስት ክላድኒ ነው። በጎቲንገን ቤተ መጻሕፍት ስለ እሳት ኳሶች የተጻፉትን የምስክርነት ቃላት ሰብስቦ እንደ ዳኛ መዘናቸው። በአገርና በዘመን የተራራቁ፣ ሊመካከሩ የማይችሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ተናግረዋል። በ1794 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እነዚህ አካላት ከምድር ውጭ የሚመጡ ናቸው ሲል ደመደመ። ብዙዎች አላመኑትም። እ.ኤ.አ. አፕሪል 26 ቀን 1803 ግን በኖርማንዲ፣ በሌግል ከተማ አካባቢ፣ 3000 ያህል ድንጋዮች ወረዱ። ወጣቱ ሊቅ ዣን ባቲስት ቢዮ ከመንደር መንደር እየዞረ ገበሬውንም ቄሱንም ጠየቀ፤ ድንጋዮቹንም ሰበሰበ፤ ቃላቸው እውነት መሆኑንም አረጋገጠ።

ከዚህ ታሪክ የተማርሁት፣ ማየትና መተርጎም ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ነው። የአያቴ ትርጓሜ ስለ ሰው ሞት ነበር፤ እውነቱ በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ እየተምዘገዘገ አየርን በመጭመቅ የጋለ ድንጋይ ነው። ዓይናቸው ግን አልዋሸም። ክላድኒም ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ትርጓሜውን ወዲያ ትቶ ዓይኑን አመነ።

አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከዚያ ምሽት የቀረኝ ድንጋይም የለም። ነገር ግን አንድ ሕፃን «አየሁ» ሲለኝ፣ ከመሳቄ በፊት «ከየት ወደ የት ሄደ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።